ካምፕ ስትመርጪ ታፔላውን ሳይሆን ባለቤቱን እዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «ያገለገለ ባለ 26 ጫማ ትሬይለር ገዛን። ሦስት ልጆችና እናቴ አሉ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ኬኦኤ ይሻላል፣ ጄሊስቶን፣ ወይስ የታውዘንድ ትሬይልስ አባል እንሁን?» ብለሻል። ለማያውቅ ሰው፣ ሦስቱም በመኪና የሚጎተት ማደሪያ፣ ማለትም ትሬይለር፣ ይዘሽ የምታድሪባቸው ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ካምፖች ናቸው፤ ታውዘንድ ትሬይልስ በዓመታዊ አባልነት ነው። ከስር ግማሹ ሰው «ኬኦኤን የሚያክል የለም» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ገንዘብሽን አትጣይ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። የሄዱበት ቦታ ነው የተለያየው።

እኛም እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ ነን። ትሬይለር መጎተት ከጀመርን ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመታችን ነው። ሦስት ልጆች አሉን፣ አማቴም አብረውን ይወጣሉ። ያንቺው ዓይነት ቤተሰብ ነን ማለት ነው። መልሴ ረዘም ይላልና ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ያ ቢጫ የኬኦኤ ታፔላ በሁሉም ቦታ አንድ ነው፣ ከታፔላው ጀርባ ያለው ሰው ግን አንድ አይደለም። ኬኦኤ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1962 ሞንታና ውስጥ፣ ቢሊንግስ ከተማ፣ የሎውስቶን ወንዝ ዳር ነው። ያን ዓመት ሲያትል ላይ ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ነበረና መኪናው በዚያ በኩል ይጎርፍ ነበር። መንገደኛው ማደሪያ ሲፈልግ የቦታው ባለቤቶች ሜዳውን እየከፋፈሉ ሰጡት፣ መታጠቢያና መጸዳጃ አዘጋጁለት። ዛሬ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ500 በላይ ደርሰዋል። አብዛኞቹ ግን ፍራንቻይዝ ናቸው፣ ማለትም የኬኦኤን ስም እየከፈለ የሚጠቀም የራሳቸው ባለቤት አላቸው። አንዱን ባልና ሚስት እየኖሩበት ሣሩን ራሳቸው ያጭዳሉ። ሌላውን ደግሞ አንድ ኢንቨስተር ገዝቶት በዓመት አንዴ ብቅ ይልበታል። ስሙ አንድ፣ ወጡ ሌላ።

ስለዚህ «የትኛው ኩባንያ?» ከማለት «የትኛው ግቢ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ኩባንያው የሚያረጋግጥልሽ ትንሹን ነገር ነው፤ መብራት፣ ውሃ፣ ሻወር፣ የልብስ ማጠቢያ፣ ትንሽ ሱቅ። እሱም ቢሆን ከትንንሽ ልጆች ጋር ቀላል አይደለም።

ኬኦኤ ራሱ ግቢዎቹን በሦስት ይከፍላቸዋል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም። «ጆርኒ» የሚለው አውራ ጎዳና ዳር ያለ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ነው። ትሬይለርሽን ሳትፈቺ በአንድ በኩል ገብተሽ በሌላው ትወጪያለሽ። «ሆሊደይ» ሁለት ሦስት ቀን ለሚቀመጥ ነው። «ሪዞርት» የሚለው ደግሞ ዋና መድረሻሽ እንዲሆን የታሰበ ነው። ጆርኒ ላይ አራት ሌሊት ይዞ «ልጆቹ ተሰላቹ» የሚል ሰው ታፔላውን አላነበበም ማለት ነው።

ጄሊስቶን ሌላ ነገር ነው። በ1969 ዊስኮንሲን ውስጥ ስተርጀን ቤይ ላይ ነው የጀመረው፣ የካርቱኑን ድብ የዮጊን ስም ይዞ። እዚያ የምትሄጂው ጫካ ለማየት አይደለም። የውሃ መንሸራተቻ፣ ድብ ለብሶ የሚያቅፍ ሰው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፕሮግራም ነው። ለአንቺ ቅርቦቹ ሉሬይ ቨርጂኒያ ያለውና ሜሪላንድ ውስጥ ሄገርስታውን አካባቢ ዊልያምስፖርት ያለው ናቸው። ልጆችሽ ከአራት እስከ አስር ዓመት ከሆኑ ይወዱታል። ኪስሽ ግን ይሰማዋል። በበጋ ቅዳሜና እሁድ ዋጋው ከመካከለኛ ሆቴል አይተናነስም። አንዳንዱ ጨዋታም ለብቻው ያስከፍላል። እኛ በዓመት አንዴ እንሄዳለን፣ ከዚያ በላይ አልሞክረውም። እውነቱን ለመናገር እኔ እዚያ አላርፍም። ጎልፍ ካርት ሲሯሯጥብሽ ይውላል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የዛሬ አራት ዓመት ስሙን የማልጠራው ቅርንጫፈ ብዙ ካምፕ ያዝን። ድረ ገጹ ላይ ያለው ፎቶ ገነት ነው። ኩሬ፣ ዳክዬ፣ ሣር። ቀን ደረስን፣ ሁሉም ደህና። ሌሊት እንቅልፍ ሊወስደን ሲል ትሬይለሩ ተንቀጠቀጠ። ባቡር! ሐዲዱ ከአጥሩ ጀርባ ነው። አጠገቡ መኪና የሚያቋርጥበት መንገድ ስላለ ጥሩምባውን ሳይነፋ አያልፍም። ትንሿ ልጅ እየጮኸች ተነሳች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሌላ መጣ። አማቴ ያደጉት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። በጨለማው ውስጥ ተረጋግተው «ይሄኛው የዕቃ ነው» አሉ። ጠዋት ዓይናችን ደም መስሎ ስንነሳ እሳቸው ቡና አፍልተው ጠበቁን። «አምስት አለፈ፣ አንዱ ግን ረጅም ነበር» አሉኝ። ከዚያ ጉዞ የተዝናኑት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ቦታ ከመያዜ በፊት ካርታውን በሳተላይት እይታ እከፍታለሁ። ሐዲድ አለ ወይ? አውራ ጎዳናው ምን ያህል ይርቃል? ዛፍ አለ ወይስ የመኪና ማቆሚያ የሚመስል ጠጠር ብቻ ነው? ትሬይለሮቹ በመሃላቸው ስንት ርቀት አላቸው? ፎቶው ይዋሻል፣ ሳተላይቱ አይዋሽም። አስተያየት ሳነብ ደግሞ አምስት ኮከብና አንድ ኮከብ የሰጡትን አልፋለሁ። ሦስት ኮከብ የሰጠው ሰው ነው ሚዛናዊ። «ባቡር»፣ «ተዳፋት»፣ «አዲስ ባለቤት» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛቸው ፈልጊ። ባለቤት የተቀየረበት ግቢ ላይ የድሮ ምስጋና ምንም አይነግርሽም።

ተዳፋት ያልኩሽ በምክንያት ነው። ያገለገለ ትሬይለር ላይ ያለው ፍሪጅ ብዙውን ጊዜ በጋዝም በመብራትም የሚሠራው ዓይነት ነው። እሱ ደግሞ ካልተስተካከለ ቦታ ላይ በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ቆይቶም ይበላሻል። አንድ ሙሉ ድስት ዶሮ ወጥ አበላሽተን ነው የተማርነው።

መብራትን በተመለከተ ለኛ ሰው ለብቻው ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘሽ እንደምትሄጂ አውቃለሁ፣ አትደብቂኝ። ባለ 26 ጫማ ትሬይለር አብዛኛውን ጊዜ 30 አምፕ ነው። ኤሲው 13 አምፕ ያህል ይወስዳል። የተለመደው ባለ 1500 ዋት ምጣድ 12 ተኩል ይወስዳል። የሻወሩ ውሃ ማሞቂያ በመብራት ላይ ከሆነ ሌላ 12። ደምሪው። የመጀመሪያ ጉዟችን ላይ የልጆቼ እናት ሦስተኛውን እንጀራ ስታሰፋ ድርግም አለ። እኔ ጨለማ ውስጥ ብሬከር ፍለጋ፣ ልጆቹ ጩኸት፣ እንጀራው ግማሹ በስሎ ግማሹ ሊጥ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቦታሽ ላይ የቆመው የመብራት ሳጥን ላይ ከ30ውና ከ50ው ጎን ብዙ ጊዜ ተራ ባለ 20 አምፕ ሶኬት አለ። የትሬይለሩን መስመር አይነካም። ወፍራም፣ 12 ጌጅ የሚባለውን የውጭ ገመድ ግዢና ምጣዱን ውጭ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ቀጭኗን ገመድ አትጠቀሚ፣ ትግላለች። ስልክ ስትደውይ «20 አምፕ ሶኬቱ ይሠራል?» ብለሽ ጠይቂ። የሰሜን ቨርጂኒያ ሙቀት ላይ ትሬይለር ውስጥ እንጀራ ከመጋገር ይሄ ይሻላል። በነገራችን ላይ ጋግረሽ ስትጨርሺ ምግብ ውጭ አታሳድሪ። ሸናንዶዋ ፓርክ አካባቢ ድብ አለ፣ የካርቱኑ አይደለም።

ስልክ ደውዪ ስልሽ የምሬን ነው። በኢንተርኔት ብቻ አትያዢ። የኛ ቤተሰብ ብቻውን አይወጣም። ቅዳሜ ጠዋት «እኛም እንምጣ» የሚሉ ሦስት መኪና ሰዎች ይኖራሉ። የግል ካምፖች ደግሞ ቦታውን የሚያከራዩሽ ለተወሰነ ሰው ቁጥር ነው። ለቀን እንግዳ በነፍስ ወከፍ የሚያስከፍሉ አሉ፣ ለተጨማሪ መኪናም እንዲሁ። አንድ ጊዜ የእንግዳው ሒሳብ ከቦታው ኪራይ በልጦብናል። ቀድመሽ ጠይቂ። የምትፈልጊውን የቦታ ቁጥር ለማስያዝም ለብቻው ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። እሱን እኔ እከፍላለሁ፤ ከሻወሩ ርቆ ሜዳ ዳር መውደቅ ከአያት ጋር አይሆንም።

ለእናትሽ ደግሞ ካቢን አለ። ኬኦኤም ጄሊስቶንም ጋ የምወደው ይሄን ነው። ከትሬይለርሽ አጠገብ አንዲት የእንጨት ቤት ትይዢላቸዋለሽ። ሽንት ቤት ያለውና የሌለው ዓይነት አለና አጣሪ። የሌለው ርካሽ ነው፣ ግን ሌሊት በባትሪ መሄድ አለ። ርካሾቹ ላይ አንሶላም አይኖርም፣ ከቤት ያዢ።

አባልነቱን በተመለከተ አጭር ነው መልሴ። የኬኦኤ ካርድ 10 በመቶ ይቀንስልሻል። በዓመት ስድስት ሰባት ሌሊት እነሱ ጋ የምታድሪ ከሆነ ያዋጣሻል። የታውዘንድ ትሬይልስ ዓመታዊ ክፍያ ግን ለጡረተኛ ነው የሚያዋጣው። ማክሰኞ ተነስቶ መሄድ ለሚችል ሰው። አንቺ ሥራና ትምህርት ቤት ያለብሽ ሰው የምትፈልጊው የበጋ ቅዳሜን ነው፣ እሱን ደግሞ ሁሉም ይፈልገዋል። አንድ ዓመት ሳትሞክሪ አትፈርሚ። በተለይ ነጻ ማረፊያ ሰጥተው ገለጻ ላይ ከሚያስቀምጡሽ ሰዎች ፊት አትፈርሚ።

መቼ እንደምትሄጂም ዋጋውን ይቀይረዋል። ሜሞሪያል ዴይ፣ ጁላይ 4 እና ሌበር ዴይ ላይ ብዙዎቹ ከሦስት ሌሊት በታች አያከራዩም፣ ዋጋውም ሰማይ ነው። ሌበር ዴይ ካለፈ በኋላ ይረግባል። በእንቁጣጣሽ ሰሞን የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ የኔ ምርጫ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ግቢው ይለቃል። የዋና ገንዳው ግን ሊዘጋ ስለሚችል ለልጆቹ ቀድመሽ ንገሪ።

ነሐሴ ላይ ከሄድሽ ፍልሰታ ነው። ጎረቤት ሥጋውን ሲጠብስ አንቺ ሽሮሽን ታንተከትኪያለሽ። ግን ቡሄ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ነሐሴ 12 ማታ ልጆቹ ዱላ ይዘው ከትሬይለር ትሬይለር ሆያ ሆዬ አሉ። ጡረተኞቹ ፈረንጆች መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ከዚያ በሙልሙል ፈንታ ማርሽማሎው አደሏቸው። ችቦውን ከካምፑ ሱቅ በተገዛ እንጨት ነው የሠራነው፤ እንጨት ከቤት ጭነሽ አትሂጂ፣ ዛፍ የሚያደርቅ ተባይ ስለሚያዛምት ብዙ ቦታ ክልክል ነው። በፈረንጆቹ ልክ 10 ሰዓት ሲሆን ጠባቂው በጎልፍ ካርት መጣ። የጸጥታ ሰዓት ነው። ልጆቹ የመጨረሻውን «ሆ» በሹክሹክታ ጨረሱ።

የመንግሥት ፓርኮችንም አትርሺ። ቦታው ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለ፣ ዋጋው ይቀንሳል። ግን ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያሉት ካምፖች ትሬይለርሽን የምትሰኪበት መብራት የላቸውም። በነሐሴ ሙቀት ኤሲ ከሌለ ከእናትሽ ጋር ይከብዳል። ለዚያ ነው እኛ ሉሬይ አካባቢ የግል ቦታ ይዘን ቀን ቀን ወደ ፓርኩ የምንወጣው። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካለሽ ለብሔራዊ ፓርኮች ለቤተሰቡ የሚሆን ነጻ መግቢያ ያገኛል፣ እንዳያመልጥሽ።

መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ወደ ኒው ጀርዚ የምትሄጂ ከሆነ የባልቲሞር ዋሻዎች ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ሲሊንደር አያሳልፉም። ያንቺ ሲሊንደሮች ከዚያ በላይ ናቸው። ድሮ በኪ ድልድይ እንዞር ነበር፣ እሱ ደግሞ በማርች 2024 መርከብ ገጭቶት ወደቀ። ስለዚህ ባልቲሞርን በሚዞረው 695 አውራ ጎዳና ምዕራቡን ዞረሽ ነው የምታልፊው። ስልክሽ ላይ ያለው ካርታ ይህን አያውቅም፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ዋሻው ነው የሚነዳሽ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤትሽ ከሁለት ሰዓት መንገድ የማይርቅ ያዢ፣ ሁለት ሌሊት ብቻ። «ፑል ስሩ» የሚሉትን፣ ሪቨርስ የማይጠይቀውን ቦታ ጠይቂ። ባልሽ ወደ ኋላ ሲገፋ አንቺ ስታመለክቺ ሰፈሩ ሁሉ ወንበር አውጥቶ ነው የሚያያችሁ። እሱን ለሁለተኛው ጉዞ አቆዩት።

የምትጎትቺበትን መኪና ግን አልጻፍሽም። በሹፌሩ በኩል በሩን ስትከፍቺ የጭነት ልክ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። እሱን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ ከትሬይለሩ ክብደት ጋር አብረን እናየዋለን።