«የጁፒተር ጨረቃ» ማለት ስህተት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነው። የቤት ሥራው ላይ «ጁፒተር ብዙ ጨረቃዎች አሉት» ብሎ ጻፈ። መምህሩ በቀይ አሰመሩበትና «ጨረቃ አንዲት ናት፤ ሳተላይት በል» አሉት። ይኸው ልጅ ቤት ውስጥ ደግሞ እናቴን ያርማታል። እሷ ገና ሳይነጋ ለኪዳን ስትወጣ «አጥቢያ ኮከቡ ወጥቷል» ትላለች። እሱ «እምዬ፣ እሱኮ ኮከብ አይደለም፤ ቬነስ የሚባል ፕላኔት ነው» ይላታል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ልጅዎ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ደህና አማርኛ ነው። ቀዩ መስመር አያስፈልገውም ነበር። እናትዎን ማረሙን ግን ቢተው ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

መምህሩ «ጨረቃ አንዲት ናት» ያሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። አዲስ ዓለም ሰፈር ረመዳን ሲያበቃ «ጨረቃ ታየች» ከተባለ «የትኛዋ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቃሉ ብቻውን ሲቆም እንደ መጠሪያ ስም ይሠራል። ነገር ግን ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት «ገበያ ሄደች» ሲባልም የትኛው ገበያ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ «የባሕር ዳር ገበያ» ማለት ስህተት ነው? አይደለም። አማርኛ ባለቤቱን በ«የ» ያመጣና ነገሩን ይለያል። «ጨረቃ» ስንል የእኛዋ፣ «የጁፒተር ጨረቃ» ስንል የዚያኛው። አንዱ ሌላውን አያምታታም።

እንዲያውም ይህ ቃል ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው ባይ ነኝ። ምክንያቱን ለማየት ግዕዙን ማስታወስ ይበቃል። በግዕዝ «ወርኅ» ጨረቃም ነው፣ ወርም ነው። የአብነት ተማሪዎች ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫውን ስሌት፣ ሲማሩ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን ቁጥሮች የሚያሰሉት በዚሁ በጨረቃ አቆጣጠር ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳልና። አማርኛ ግን ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ጊዜውን ለ«ወር» ሰጠ፣ ብርሃኗን ለ«ጨረቃ» ተወ። ስለዚህ «የጁፒተር ወሮች» ብንል ሰው ቀን መቁጠር ይጀምራል። «የጁፒተር ጨረቃዎች» ስንል ግን ወዲያው ወደ ሰማይ ያያል። ቃሉ ሲሰፋ ይህ የመጀመሪያውም አይደለም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት «ጨረቃ ቤት» ሲባል ሁላችንም እንግባባለን።

«ሳተላይት»ስ? የሳይንስ ቃል ነው፣ ነውር የለበትም። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ለጁፒተር ጨረቃዎች ሲጠቀምበት ከላቲን ወስዶት ነው። ትርጉሙ አጃቢ፣ የጌታ ጠባቂ ማለት ነው። ንጉሡን ከቦ የሚሄድ ወታደር ያስቡ። ጥሩ ምስል ነው። ይሁን እንጂ አማርኛ ውስጥ ቃሉ የገባው በሌላ በር ነው። ዛሬ ለአንድ የጎንደር ልጅ «ሳተላይት» ቢሉት የሚያስበው ጣሪያ ላይ ያለውን ዲሽ ነው። ወይም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችውን የኢትዮጵያን ሳተላይት ያስታውሳል። ስለዚህ ቃሉን ከመረጥን «የተፈጥሮ ሳተላይት» እያልን ማብራራት ግድ ይሆናል። «ጨረቃ» ይህን ድካም ያስቀራል።

አሁን ወደ እናትዎ። ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጋሊሊዮ አራቱን የጁፒተር ትልልቅ ጨረቃዎች ያያቸው እ.ኤ.አ. በ1610 ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ከማድረጋቸው 26 ዓመት በፊት ማለት ነው። መነጽሩን አነጣጥሮ ያየ ሰው ምን ብሎ ጠራቸው? «ከዋክብት» ነው ያላቸው። በዘመኑ ሰማይ ላይ የሚያበራ ነጥብ ሁሉ ኮከብ ነበር። «ፕላኔት» የሚለው የግሪክ ቃልም ቢሆን ተንከራታች ማለት ነው፤ ሌሎቹ ከዋክብት ቦታቸውን ሲጠብቁ እሱ ስለሚዞር።

የእኛም «ኮከብ» እንዲሁ ሰፊ ነው። ጅራታም ኮከብ በሳይንሱ ኮከብ አይደለም፣ የበረዶና የአቧራ ክምር ነው። ተወርዋሪ ኮከብም አየር ውስጥ ሲገባ የሚነድ ድንጋይ ነው። እነዚህን ማንም አያርምም። አጥቢያ ኮከብ የሚታረመው ለምንድን ነው? «አጥቢያ» ንጋት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኢሳይያስ ምዕራፍ 14 ላይ «አጥቢያ ኮከብ» ተብሎ ይገኛል። ቬነስ የሚባለው ስም ከመምጣቱ በፊት እረኛውም ካህኑም ሰማዩን ሲያነቡ የኖሩበት ስም ነው። ልጁ «እምዬ፣ አጥቢያ ኮከብኮ ቬነስ የሚባለው ፕላኔት ነው» ቢላት ያምራል። «አይደለም» የምትለዋን ቃል ብቻ ያውጣት።

ስለ ብዙ ቁጥሩ አልጠየቁኝም፣ ግን ልጨምር። «ጨረቃዎች» ነው ወይስ «ጨረቆች»? «ከተሞች»ን ያየ ሰው «ጨረቆች» ቢል ሰዋስዉ ይፈቅድለታል። እኔ ግን «ጨረቃዎች»ን እመርጣለሁ። «ጨረቆች» ሲጻፍ ከ«ጨርቆች» የሚለየው በአንዲት «ረ» ነው። የጁፒተር ጨርቆች ተብሎ ቢታተም ማን ያስተውለዋል? ቁጥር ካለ ደግሞ ብዙ ቁጥሩ ጭራሽ አያስፈልግም። «ማርስ ሁለት ጨረቃ አለው» ይበቃል፣ «ሁለት ሰው መጣ» እንደምንለው። ሳተርን እ.ኤ.አ. በ2025 128 አዲስ ጨረቃ ተመዝግቦለት 274 ደርሷል። ጾታዋም አንስታይ ትሁን። ስለ አንዷ የጁፒተር ጨረቃ «ጋኒሜድ ከፕላኔቱ ከሜርኩሪ ትበልጣለች» ማለት ደስ ይላል፤ እውነትም ናት። የእሷ ስፋት 5,268 ኪሎ ሜትር፣ የሜርኩሪ 4,879 ነው።

ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለየአገሩ አንድ ሩቅ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሰጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ የሆነው ኮከብ «ቡና» ተባለ። ዙሪያውን የሚሄደው ፕላኔት ደግሞ «አቦል»። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ከእኛ ሥርዓተ ፀሐይ ውጭ ባሉ ፕላኔቶች ዙሪያ እስካሁን የተረጋገጠ ጨረቃ የለም። አንድ ቀን ግን ለአቦል አንድ ይገኝለት ይሆናል። ያን ጊዜ ዜናውን የሚያነበው ሰው «የአቦል ሳተላይት» ይበል ወይስ «የአቦል ጨረቃ»? ልጅዎና እናትዎ ሁለቱንም ጮክ ብለው ይበሏቸውና የመረጡትን ይጻፉልኝ።