«ውጣ» ስለው ወረደ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን ነው የምኖረው። የሥራ ባልደረቦቼ ለልደቴ በአየር የሚነፋ ፓድል ቦርድ (ውሃ ላይ ቆመው የሚቀዝፉበት ሰሌዳ) ገዙልኝ። ቡቺ የሚባል 20 ኪሎ ገደማ የሚሆን ውሻ አለኝ። ቤት ብቻውን ስተወው ያላዝናል፣ ጎረቤቶቼ ተማረሩ። አብረን ሌክ ዋሽንግተን እንውላለን ብዬ ሁለቴ ሞከርኩ። ሁለቴም ከዳር ሳንርቅ እሱ ዘለለ፣ እኔ ተገለበጥኩ። ዋና ብዙም አልችልም። እርስዎ ከውሻዎ ጋር ሐይቅ ላይ እንደሚውሉ እዚሁ ዓምድ ላይ ጽፈው ነበር። መላ አለው ወይስ ልተወው?
ኤም፣ ከሬንተን

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት ነገር አስደነገጠችኝ፤ «ዋና ብዙም አልችልም» ያልሻት። ከቡቺ በፊት እሷን እንጨርስ።

ፓድል ቦርድ ላይ የቆመ ሰው መውደቁ አይቀርም። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ጣና ውስጥ ስንቦጫረቅ ያደግኩ ሰውዬ አሁንም እወድቃለሁ። ሌክ ዋሽንግተን ደግሞ ያታልላል። ኤፕሪል ላይ ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ በካናቴራ ሲሄድ ታያለሽ፤ ውሃው ግን ገና 50 ፋራናይት ገደማ ነው፣ በአገራችን ቁጥር 10 ዲግሪ። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ድንገት ስትገቢ ሳትፈልጊ አየር ትስቢያለሽ፣ ከአየሩ ጋር ውሃም ይገባል። ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ ይደነግጣል። ስለዚህ እስከ ጁላይ ታገሺ።

ላይፍ ጃኬቱን ደግሞ ልበሺው። ቦርዱ ላይ ማሰር ሳይሆን መልበስ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ከ2008 ጀምሮ ፓድል ቦርድን እንደ ጀልባ ነው የሚቆጥረው። ከመዋኛ ክልል ውጭ ለአንድ ሰው አንድ ላይፍ ጃኬት ያስፈልጋል፣ ፊሽካም ያዢ። ሕጉ አዋቂን «ያዝ» ነው የሚለው፤ እኔ ግን «ልበሺ» እልሻለሁ። ቁርጭምጭሚትሽ ላይ የሚታሰረውን ገመድም እንዳትረሺ። ስትወድቂ ነፋሱ ቦርዱን ይዞት ከሄደ ዋኝተሽ አትደርሺበትም።

አሁን ወደ ቡቺ።

የእኔ ውሻ አንበሳ ይባላል፣ 27 ኪሎ ነው። ስሙን ያወጣችው ልጄ ናት፤ ነጎድጓድ ሲሰማ አልጋ ሥር የሚገባ ፍጥረት መሆኑን ያኔ አላወቅንም። የሚሰማው አማርኛ ብቻ ነው። ቦርዱ ላይ እንዲወጣ ሳለማምደው «ውጣ!» አልኩት። ምን ልበል ሌላ? ሐይቁ ዳር ቆመን፣ ሁለቱን የፊት እግሮቹን ቦርዱ ላይ አድርጎ ያመነታል። «ውጣ፣ ውጣ፣ ጎበዝ!» እለዋለሁ። ጎበዝ ነው፣ ወጣ። ወደ ውሃው። መልሼ አመጣዋለሁ፣ እንደገና «ውጣ» እለዋለሁ፣ እንደገና ይወርዳል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። በመጨረሻ ልጄ ናት የነቃችው። «አባ፣ እማ ከወጥ ቤት ስታባርረው ምንድን ነው የምትለው?» አለችኝ። ለካ ለአንበሳ «ውጣ» ማለት ካለህበት ጥፋ ማለት ነው! ምስኪን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲታዘዘኝ ነበር። አሁን «ሆፕ» ነው የምለው። አንቺም ቡቺን ቤት ውስጥ በምን እንደምታባርሪው አስቢና ለቦርዱ ሌላ ቃል ፈልጊ።

ልምምዱን ሳሎን ጀምሪው። ከሥሩ ያለውን ክንፍ ንቀዪና ቦርዱን ምንጣፍ ላይ ዘርጊው። ሥጋ እየሰጠሽ አስወጪው፣ አስወርጂው፣ አስተኚው። የተቀቀለ ዶሮ ይበቃል። ከዶሮ ወጥ ግን እንዳትቆርጪለት፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ሲለምደው ቦርዱን በእግርሽ ወዝወዝ አድርጊው። ከዚያ መቅዘፊያውን ይዘሽ ቆመሽ በጭንቅላቱ ላይ አሳልፊ። ብዙ ውሻ ከውሃው ይልቅ ያቺን ዱላ ነው የሚፈራው፤ አንበሳ ለሳምንት ያህል ልመታው የመጣሁ ይመስለው ነበር።

ሌላው የቦርዱ አየር ነው። የአንቺው ላይ ስንት እንደሚነፋ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። በእጅ ፓምፕ 10 አካባቢ ሲደርስ ክንድ ይዝላል፣ ሰውም እዚያው ላይ «በቃ» ይላል። ለአንድ ሰው ያስኬድ ይሆናል። ውሻ ሲጨመርበት ግን ቦርዱ መሐሉ ላይ ይሰረጉድና ይዋልላል። ሁለቴ የተገለበጥሽው በዚህም ሊሆን ይችላል። ጥፍሩ ይበሳዋል ብለሽ አትስጊ፣ ጠንካራ ነው፤ ብቻ ጥፍሩን ቆረጥ አድርጊለት።

ወደ ሐይቁ ስትሄጂ በጠዋት ሂጂ፣ ነፋስ ሳይነሳ። የሲያትል ከተማ የመዋኛ ዳርቻዎች ላይ ውሻ አይፈቀድም። ማግኑሰን ፓርክ ግን ውሾች የሚፈቱበት ቦታ ከሐይቁ ጋር ይገናኛል፤ ቡቺን ከውሃ ጋር እዚያ አስተዋውቂው። ቦርዱ ላይ መጀመሪያ ተንበርከኪ። መሐል ላይ ያለችው መሸከሚያ እጀታ የሚዛኑ ቦታ ናት። እሱ ከእሷ ፊት፣ አንቺ ከእሷ ኋላ። እሱ ወደ ቦርዱ የፊት ጫፍ ከሄደ አንቺ ወደ ኋላ ሸርተት በይ። ከቦርዱም ሆነ ከራስሽ ጋር በገመድ እንዳታስሪው፤ ስትወድቁ ገመዱ ይጠላለፋል።

የሱም ላይፍ ጃኬት ጀርባው ላይ እጀታ ያለው ይሁን። ለምን መሰለሽ? አንድ ቀን ዳር ዳሩን ስንሄድ ዝይዎች መጡ። እነዚያ የሲያትል ዝይዎች፣ ሰው የማይፈሩት። አንበሳ ዘለለ፣ እኔ በሌላው በኩል ወደቅኩ፣ መነጽሬ እስካሁን እዚያው ሐይቅ ሥር ነው። ዝይዎቹ ንቅንቅ አላሉም። የደነገጠ ውሻ ውሃ ውስጥ ሰው ላይ ነው የሚወጣው፤ ትከሻዬን ቧጨረኝ፣ ጭንቅላቴን ወደ ታች ደፈቀኝ። ጃኬት ባልለብስ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ይመልስልሽ ነበር። ስለዚህ ስትወድቁ በመካከላችሁ ቦርዱን አድርጊ። መጀመሪያ አንቺ ውጪ፦ መሐሉን ይዘሽ፣ እግርሽን እየፈራገጥሽ፣ በሆድሽ ተሳቢ። ከዚያ ተንበርክከሽ በእጀታው ጎትቺው።

የሚጠጣው ውሃ ከቤት ያዢለት። በሰመር መጨረሻ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ከመሰለ አትግቡ። ያ አልጌ መርዛማ ሊሆን ይችላል፣ ውሻ ይገድላል፤ ጸጉሩን ልሶ እንኳ ይታመማል። ግሪን ሌክ በዚህ የታወቀ ነው።

እና ዊንተር ሲገባ ዋና ተመዝገቢ። ቡቺ ከአንቺ የተሻለ ይዋኛል።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት አገር ቤት ልገባ ነው። የሚነፋው ቦርድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ጣና ላይ ብቀዝፍበትስ?
የአሌክሳንድሪያ አንባቢ

መልስ፦ ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቀደው 23 ኪሎ ውስጥ ቦርዱ ግማሽ ያህሉን ይወስድብሃል፤ የዘመድ ዕቃ የት ልታስገባ ነው? ለማንኛውም ጣና ቢልሃርዝያ አለበት፤ እኛ በልጅነታችን ሳናውቅ ነው የዋኘነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ፣ ጉማሬ ደግሞ እንደ ዝይዎቹ አይደለም። ላንጋኖ ይሻልሃል፤ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ሰው ሲዋኝበት የኖረ ሐይቅ ነው።

ባሕር ዳር ከሄድክ ግን በጠዋት ዳር ቆመህ ታንኳ የሚቀዝፉትን እያቸው። ታንኳ ከደንገል ነው የሚታሰረው፣ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ልጅ ሳለሁ አንድ ዓሣ አጥማጅ ውሻውን ከፊት አስቀምጦ ሲቀዝፍ አይ ነበር። አንድ ቀን እንዴት እንደማይዘልበት ጠየቅኩት። በመቅዘፊያው ጫፍ በሁለቱ መካከል የተከመረውን ቀረሶ አሳየኝ። ውሻው ዓይኑን ከዓሣው ላይ አይነቅልም ነበር።