«ጊዜ የለኝም፣ ገንዘብ የለኝም፣ ማን ያነበኛል?» መጽሐፍ ጽፎ በራስ ስለማሳተም ጥያቄና መልስ

አራት መጽሐፍ ጽፌ በራሴ አሳትሜአለሁ፤ የሌሎችንም ረቂቅ ሳርም ዓመታት አልፈዋል። መጻፍ እየፈለጋችሁ የያዛችሁ ነገር ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። ሳነባቸው አንድ ነገር ታየኝ፤ ገና አንድ ገጽ ያልጻፈ ሰው የሚጨነቀው ስለ ሽፋኑና ስለ ሽያጩ ነው። የማሳተም ጭንቀት ጊዜው ሲደርስ ይምጣ። ስትጽፉ የመጻፍን ጥያቄ ብቻ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ፤ ማታ እንቅልፍ ይጥለኛል። መቼ ልጻፍ?

እህቴ፣ ድካምሽ እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ግን መጽሐፍ መጻፍ ሲባል የሚታይሽ አንድ ወር በር ዘግቶ መቀመጥ ከሆነ ያ ወር አይመጣም። እስቲ እናስላው። በቀን 200 ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን ብትጽፊ በሳምንት 1,000 ቃል ነው። በ40 ሳምንት 40,000 ይሆናል፤ በአንድ ገጽ 200 ቃል ብንይዝ 200 ገጽ ማለት ነው። 200 ቃል ደግሞ ለጓደኛሽ በስልክ የምትልኪው ረዘም ያለ መልእክት ያህል ነው። እንዲያውም በስልክሽ ጻፊው። እኔ የሦስተኛውን መጽሐፌን ግማሽ የጻፍኩት ወረፋ ስጠብቅ በስልኬ ማስታወሻ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከመነሳትሽ በፊት ነገ የምትጀምሪበትን አንድ መስመር ጻፊ። ያቺ መስመር ከሌለች ያገኘሻት ሃያ ደቂቃ «የት ነበርኩ?» ስትዪ ታልቃለች።

ጥያቄ፦ ረቂቁን ከጨረስኩ ሦስት ዓመቴ ነው። አሁንም እያረምኩት ነው፤ አልስተካከል አለኝ።

ባለፈው ወር የቀየርከው ምንድን ነው? «ነገር ግን» የነበረውን «ሆኖም» አድርገህ፣ በሳምንቱ መልሰህ «ነገር ግን» ካልከው እርማቱ አልቋል፤ የቀረው ፍርሃት ነው።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። የመጀመሪያ መጽሐፌ አንደኛ ምዕራፍ ላይ አያቴ በር ላይ ቆማ የምትጠብቅበት ቦታ አለ። «ቆማ ነበር» አልኩ፤ «ቆማ ትጠብቃለች» አልኩ፤ «በሩን ተደግፋ» አልኩ። ወራት ፈጅቼ የመጀመሪያውን መለስኩ። ያ ሁሉ ሲሆን አራተኛው ምዕራፍ ላይ የሞተችው አያቴ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ደብዳቤ ስታስነብብ አላየኋትም። ያየችው ረቂቁን የሰጠኋት ጓደኛዬ ናት፤ በአንድ ምሽት።

ዓይን የለመደውን ስህተት ያልፈዋል። ስለዚህ ረቂቁን ሁለት ሳምንት ዝጋው። ከዚያ ጮክ ብለህ አንብበው፤ ምላስህን ያደናቀፈው ዓረፍተ ነገር አንባቢንም ያደናቅፋል። ቀጥሎ ለሦስት ሰው ስጥ። «እንዴት ነው?» ብለህ አትጠይቅ፤ የሚወድህ ሰው «ጥሩ ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። «የቱ ጋ ሰለቸህ? የቱ ጋ ግራ ገባህ?» በል። ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ እዚያ ችግር አለ። ያንን አስተካክለህ ረቂቁን ለአርታኢ የምታስረክብበትን ቀን ቁረጥ፤ ቀኑንም ለአርታኢው ንገረው። ለሰው የተነገረ ቀን ይከበራል።

ጥያቄ፦ ማሳተሚያ ገንዘብ ከየት አመጣለሁ?

እንደ መንገዱ ይለያያል። በኦፍሴት፣ ማለትም ገጹ በተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ (ፕሌት) በሚያትመው ማሽን ሲታተም፣ ፕሌቱን ማዘጋጀቱና ማሽኑን ማስተካከሉ ለ50 ኮፒም ለ1,000 ኮፒም ያው ወጪ ነው። ብዛቱ ሲጨምር የአንዱ ኮፒ ዋጋ የሚወርደው፣ ብዙ ሰውም «1,000 ካላሳተምኩ አያዋጣኝም» ብሎ የሚተወው ለዚህ ነው። በዲጂታል ማተሚያ ግን ፕሌት የለም፤ 30 ወይም 50 ኮፒ ብቻ ማሳተም ይቻላል። የአንዱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ቤትህ የሚከመር መጽሐፍ አይኖርም። ገዢ ሲያዝ አንድ አንድ እያተሙ የሚልኩ ድርጅቶችም አሉ። በስክሪን የሚነበበው መጽሐፍ ደግሞ የወረቀት ወጪ ጨርሶ የለውም፤ አማዞን ደራሲዎች ራሳቸው በኪንድል፣ በስክሪን የሚነበቡ መጻሕፍት በሚሸጥበት አገልግሎቱ፣ እንዲያሳትሙ በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

ያለህ ገንዘብ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ለአርትዖት፣ ቀጥሎ ለሽፋን አውጣው። ወፍራም ወረቀትና የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ ይቆይ። ሽፋኑንም የገጹ ብዛት ሳይታወቅ አታስጨርስ፤ የመጽሐፉ ጀርባ (መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው ጠባቡ ጎኑ) ስፋት የሚወሰነው በገጹ ብዛትና በወረቀቱ ውፍረት ነው፤ አሥር ገጽ በተጨመረ ቁጥር ሽፋኑ እንደገና ይለካል። በኦፍሴት ብዙውን ጊዜ ትልቁ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ስለሚወጣው፣ 192 ገጽ በልክ 12 ወረቀት ነው፤ 193ኛዋ ገጽ ግን ተጨማሪ ወረቀት ትጠይቃለች፤ ስለዚህ አንዷን ገጽ አሳጥሮ 192 ማድረግ ወጪ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ለአርታኢ ብሰጠው ሐሳቤን ቢሰርቀኝስ?

እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው፣ የደራሲን መብት የሚያስጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት በሚሠራባቸው አገሮች የደራሲው መብት ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይወለዳል፤ መመዝገብ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው አንቺ የጻፍሽበት መልክ ነው። ስለዚህ ያልተጻፈው ሐሳብሽ ነው ጥበቃ የሌለው። እየጻፍሽ ቀን ያለበትን ቅጂ በኢሜይል ለራስሽ ላኪ፤ ከአርታኢው ጋር አጭር ውል ተፈራረሚ።

ጥያቄ፦ ሦስት አሳታሚዎች መለሱብኝ። በራሴ ባሳትም «የተናቀ መጽሐፍ» አይባልም?

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቤያትሪክስ ፖተር ስለ አንዲት ጥንቸል የጻፈችውን የልጆች ታሪክ አሳታሚዎች ሲመልሱባት እ.ኤ.አ. በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ኮፒ አሳተመች። በዓመቱ አንድ አሳታሚ ወሰደው። ፈረንሳዊው ደራሲ ማርሴል ፕሩስትም የረጅም ልቦለዱን የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው ወጪውን ራሱ ችሎ ነው። አንባቢ ገጹን ገልጦ ሲገባ ማን እንዳሳተመው አይጠይቅም፤ በሁለተኛው ገጽ አራት የፊደል ስህተት ካገኘ ግን ያስቀምጠዋል። መናቅ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ያደግኩበትን ቤት ታሪክ መጻፍ እፈልጋለሁ። አባቴ በሕይወት አለ፤ ይቀየመኛል ብዬ እፈራለሁ።

ይህን ጥያቄ ሰበብ ነው አልልም፤ ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። ግን መጻፍና ማሳተም ሁለት ነገር ናቸው። ረቂቁን ማንም አያየውም፤ እዚያ ሁሉንም ጻፊ፤ ስትጽፊ አባትሽ ትከሻሽ ላይ ቆሞ ካነበበ አንድም እውነት አይወጣም። ስትጨርሺ ለየው፦ የትኛው የአንቺ ታሪክ ነው? የትኛው የእሱ ብቻ የሆነ፣ አንቺ እጅ የገባ ምስጢር ነው? ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ቢወጣም መጽሐፉ አይጎድልም። ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ሰው በሥራውም በአነጋገሩም ይታወቃል። እሱን የሚመለከቱትን ገጾች ከመታተሙ በፊት አሳዪው። እኔ ለታላቅ ወንድሜ ሳሳየው የጠበቅኩት ቁጣ ነበር፤ እሱ ግን አንድ የረሳሁትን ነገር ጨመረልኝ፤ ምዕራፉ የቆመው በዚያ ነው። ያንቺም እንዲህ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም። እምቢ ካለ ረቂቁን አስቀምጪው፤ የተጻፈ ነገር ይቆያል።

ጥያቄ፦ 63 ዓመቴ ነው። አሁን ምን ይጻፋል?

ጋሼ፣ አሜሪካዊቷ ደራሲ ሎራ ኢንጋልስ ዋይልደር የመጀመሪያ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1932 ሲወጣ 65 ዓመቷ ነበር፤ የጻፈችውም የልጅነቷን ነው። መተየቡ ከከበደዎት በስልክ ድምፅዎን ይቅዱና ሌላ ሰው ይተይብልዎ። በአፍ የሚነገር ታሪክ መጀመሪያውኑ ዜማ አለው፤ ሲታረም ያ ዜማ እንዳይጠፋ ብቻ ይቆጣጠሩ።

ጥያቄ፦ ሁሉም አልቆ ፋይሉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ናሙና ሳታይ አንድም ኮፒ አታሳትም። የሁለተኛ መጽሐፌን 300 ኮፒ በአንዴ አሳተምኩ፤ ፋይሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በአራቱም በኩል እኩል አንድ ሴንቲሜትር ህዳግ (ባዶ ጠርዝ) ትቼ። መጽሐፉ መጥቶ ከመካከል ስከፍተው በቀኝ ገጾች የየመስመሩ መጀመሪያ ማጣበቂያው ውስጥ ገብቷል። ለማንበብ በሁለት እጅ መጫን ያስፈልጋል፤ ሲጫኑት ገጹ ይገነጠላል። 300ውንም እንደዚያው ተቀበልኩ።

በጥራዙ በኩል ያለው ህዳግ ከውጪው ይስፋ፤ ለ200 ገጽ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ተው። የተጠቀምክበት የፊደል ዓይነት (ፎንት) ፒዲኤፉ ውስጥ መካተቱን አረጋግጥ፤ ካልተካተተ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ወደ ባዶ ሳጥን ሊለወጥ ይችላል። ናሙናው ሲደርስህ ሽፋኑን አይተህ አትደሰት፤ መሐሉን ክፈትና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ፣ በእጅህ ሳትይዘው፣ አንድ ሙሉ ገጽ አንብብ።