የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከኤክሴል ወደ ፓይተን

ጥያቄ፦ ፒያሳ ባለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ። የኤክሴል ቀመር ስሠራ ሳመሽ ሰዓቱ አይታወቀኝምና ፕሮግራሚንግ ልማር ብዬ ተነሥቻለሁ። ያለኝ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። አንዱ ጓደኛዬ የሞባይል አፕ ሥራ ተማር፣ ሌላው ሥራህን ለቀህ ኮርስ ግባ ይለኛል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ሥራዎን አይልቀቁ። ነገሩ የደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ጀማሪ የሚለማመድበት እውነተኛ ችግር ፈልጎ ያጣል፣ እርስዎ ግን መደብሩ ውስጥ ሞልቶልዎታል። የሞባይል አፑን ለጊዜው ይተዉት፤ አፑ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ የተባለው ፕሮግራም ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። ፓይተን ለተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ግን ያለዎት ይበቃል፤ በእሱ ይጀምሩ።

የፓይተን መጫኛ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሲጭኑ በመጀመሪያው መስኮት ግርጌ «ወደ ፓዝ ጨምር» (Add python.exe to PATH) የምትለዋን ሳጥን ምልክት ያድርጉባት። ከዘለሏት ዊንዶውስ ፓይተን የት እንዳለ አያውቅም፤ ስሙን ሲጽፉ ማይክሮሶፍት ስቶርን ይከፍትልዎታል። መመሪያውንም አብረው ያውርዱት፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ያነቡታል።

የመጀመሪያ ሥራዎ የቀኑን ሽያጭ ከሲኤስቪ ፋይል (ኤክሴል ሊያስቀምጠው ከሚችለው ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) አንብቦ በዕቃ ዓይነት የሚደምር፣ 15 በመቶ ቫቱንም የሚያሰላ ፕሮግራም ይሁን። ሁለት ነገር ያስቸግርዎታል።

አንደኛው ሳንቲም ነው። ፓይተን 0.1 እና 0.2 ሲደምር 0.30000000000000004 ይላል፤ ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዘው በዜሮና በአንድ ስለሆነ አንድ አሥረኛን ልክክ አድርጎ መያዝ አይችልም። ሒሳብ ሳይገጥም ሲቀር ምን እንደሚከተል ለእርስዎ አይነገርም። ስለዚህ 1,250.50 ብርን 125050 ሳንቲም ብለው በሙሉ ቁጥር ይያዙት፤ ወደ ብር የሚመልሱት ለሰው ሲያሳዩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። «ሚስማር» ብለው ያስቀመጡት ፋይል ኤክሴል ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ መግቢያው ላይ መለያ ምልክት ካላገኘ ኤክሴል በዩቲኤፍ 8፣ ማለትም የእኛንም ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ ኮድ፣ መጻፉን አያውቅም። ፋይሉን ሲጽፉ ኢንኮዲንጉን (የጽሑፍ ኮዱን) ያንን መለያ በሚጨምረው «ዩቲኤፍ 8 ሲግ» (utf-8-sig) ያድርጉት፣ ይስተካከላል።

ስሕተት ሲመጣ ከታች ይጀምሩ፦ የመጨረሻው መስመር የስሕተቱን ዓይነት፣ ከሱ ከፍ ብሎ ያለው ስንተኛ መስመር ላይ እንደሆነ ይነግርዎታል። ይህንን ሲፈልጉ ማምሸት ካልሰለቸዎት ሙያው የእርስዎ ነው። ቪዲዮ ማየቱ ብቻ ከጣመዎት ግን ገና አልለየም።

ለኮርሱ፣ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል፤ መሠረታዊ ፕሮግራሚንጉን ማታ ማታ ይውሰዱ። ሰርተፊኬቱ ብቻውን ግን ሩቅ አያስኬድም። መደብሩ ዕለት ዕለት የሚሠራበትን ፕሮግራም ከነማብራሪያው ጊትሃብ በተባለው የፕሮግራመሮች ኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጡ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠየቁት ስለሱ ነው። የደንበኞችን ስምና የመደብሩን ዋጋ ግን በፈጠራ መረጃ ሳይተኩ እንዳይጭኑ።

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ ነው የምጽፈው። የዳታቤዝ ይለፍ ቃል ያለበት ፋይል ጊትሃብ ላይ ለቅቄ ኋላ አጠፋሁት። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ጊትሃብ የሚሠራበት ጊት የተባለው የኮድ ለውጥ መዝጋቢ የቀድሞውን ቅጂ ከነታሪኩ ይይዛል፤ የፈለገ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ያነበዋል። መጀመሪያ ይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ይቀይሩ። ቀጥሎ ዳግም እንዳይጫን የፋይሉን ስም ጊትኢግኖር (.gitignore) ውስጥ፣ ማለትም ጊት የሚዘላቸው ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ፣ ያስገቡ።