ዶሮዎቼ በሙቀት አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ በግቢዬ 14 የእንቁላል ዶሮዎች ነበሩኝ። የቤታቸው ጣራም ሦስቱ ግድግዳም ቆርቆሮ ነው፤ የፊት ለፊቱ ብቻ ሽቦ ነው። ሙቀቱ ከጠና ወዲህ ከቀትር ጀምረው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ ክንፋቸውንም ከጎናቸው አርቀው ይቆማሉ። እንቁላሉ ቀንሷል፤ የሚጥሉትም ቅርፊቱ ሳስቶ ሲነኩት ይሰበራል። ሁለቱ አመሻሽ ላይ ሞቱብኝ። መኖ ቀኑን ሙሉ አይጎድልባቸውም፤ ውኃም አላቸው። ሲብስባቸው ቤቱ ውስጥ ውኃ እረጫለሁ። በሽታ ይሆናል ብዬ አንቲባዮቲክ ልሰጣቸው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መድኃኒቱ ይቆይ። የጻፉልኝ ምልክት ሁሉ ከሙቀት ሊመጣ የሚችል ነው፤ ሙቀትን ደግሞ አንቲባዮቲክ አያበርደውም። ነገር ግን በግምት እንዳንሄድ አንድ ነገር ያረጋግጡ። ሌሊት ወይም ማለዳ አየሩ ሲበርድ ቀረብ ብለው ያዳምጧቸው። አፋቸው ተዘግቶ፣ ትንፋሻቸው ረግቶ ካገኟቸው ችግሩ ሙቀት ነው። በቀዝቃዛውም ሰዓት የሚያነጥሱ፣ ሲተነፍሱ የሚያንኮራፉ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ የያዛቸው ወይም አንገታቸው የሚጣመም ከሆነ ግን ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ሳያድሩ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

ዶሮ አታልብም። የጤነኛ ዶሮ ሰውነት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ወደ 46 ሲጠጋ ትሞታለች። አየሩ ለዘብ ባለ ጊዜ ትርፉን ሙቀት በእግሯ፣ አናቷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋና ላባው በሳሳበት በክንፏ ሥር ታስወጣለች። ክንፋቸውን አርቀው የሚቆሙት ለዚህ ነው። አየሩ 30 ዲግሪን ካለፈ ግን ይህ ብቻ አይበቃትም፤ የቀራት መንገድ ማለክለክ ነው። ከመተንፈሻዋ የሚተንነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞላት ይወጣል። የምትተነፍሰው አየር አስቀድሞ እርጥብ ከሆነ ግን ያ መትነን ይቀንሳል፤ ምንም ያህል ብታለከልክ አትበርድም። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የሚረጩትን ውኃ ዛሬውኑ ያቁሙ። ሦስት ግድግዳው በተዘጋ ቤት ውኃ ሲረጩ ያቺኑ የቀረቻቸውን መንገድ ነው የሚዘጉባቸው። ጉዝጓዙም ይረጥብና የአሞኒያ ሽታ ያመጣል።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ከጣራው ይልቅ ያሳሰበኝ «መኖ ቀኑን ሙሉ አይጎድልባቸውም» ያሉት ነው። ሙቀት ወደ ዶሮዋ የሚመጣው ከውጭ ብቻ አይደለም፤ የበላችው መኖ ሲፈጭም ሰውነቷ ሙቀት ያመነጫል፤ ይህም ከበላች በኋላ ለሰዓታት ይቆያል። ረፋድና ቀትር ላይ የበላች ዶሮ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው በሚግልበት ሰዓት ከሁለት በኩል ትጠበሳለች። አመሻሽ ላይ የሞቱብዎትም ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው ሙቀት አልወጣላቸው ብሎ ይመስለኛል።

እንግዲህ የመኖውን ሰዓት ይለውጡ፤ ምንም ወጪ የለውም፤ ከምነግርዎት ሁሉ ቶሎ ለውጥ የሚያሳየውም እሱ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ መኖ ያቅርቡላቸው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ገንዳውን ያንሡ። መልሰው የሚሰጧቸው ሙቀቱ ሲሰበር፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። በረሃብ የሚጎዱ መስሎዎት አይጨነቁ፤ በዚያ ሙቀት ራሳቸውም መብላት ይቀንሳሉ። ሲመልሱላቸው ግን አንድ ገንዳ ላይ ተጋፍተው እንዳይረጋገጡ መኖውን ሁለትና ሦስት ቦታ ይክፈሉት። ሙቀቱ እስኪያልፍ ተጨማሪ የፕሮቲን መኖ አይጨምሩላቸው፤ ትርፍ ፕሮቲን ሲፈጭ ብዙ ሙቀት ያመነጫል። የተለመደውን የእንቁላል ዶሮ መኖ ይቀጥሉ።

ውኃ አላቸው ብለዋል። የት እንደተቀመጠና ምን ያህል እንደሚሞቅ ግን አልነገሩኝም። ከሰዓት በኋላ እጅዎን ያስገቡበት፤ ለእጅዎ ሞቅ ካለ ለእነሱ የሚጠጣ ውኃ አይደለም፤ እየጠማቸው ይተዉታል። አንድ የእንቁላል ዶሮ በደህና ቀን ሩብ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ በከባድ ሙቀት እጥፍ ልትፈልግ ትችላለች። ስለዚህ ለ12ቱ በቀን 6 ሊትር ያስቡ። መጠጫውን ቢያንስ ሁለት ያድርጉት፤ ጉልበተኛዋ አንዱን ብትይዝ ደካማዋ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቀትር ላይ አፍስሰው ይቀይሩት። የሸክላ ዕቃ ካለዎት ከፕላስቲክ ይሻላል፤ በገላው በኩል ስለሚተን ውኃውን ቀዝቀዝ አድርጎ ያቆያል። በረዶ ቢጨምሩበትም አይጎዳም። ሙቀቱ እጅግ በሚጠናባቸው ቀናት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኘውን ኤሌክትሮላይት (በውኃ የሚበጠበጥ የማዕድን ጨው) ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ በአንዱ መጠጫ በጥብጠው ይስጡ፤ በሌላው ንጹሕ ውኃ ይኑር። ጨው በግምት አይጨምሩ። የበዛ ጨው ዶሮ ይገድላል።

አሁን ወደ ቤቱ። ገንዘብ ካለዎት ማራገቢያ ከመግዛትዎ በፊት ለጣራው ያውጡት እላለሁ። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ ይግልና ሙቀቱን ቁልቁል ይለቅባቸዋል። የላዩን በነጭ ቀለም ወይም በኖራ ይቀቡት፤ ነጭ ፀሐዩን መልሶ ይሰደዋል። ከሥሩ ደግሞ ሰሌን ወይም የሸንበቆ ንጣፍ እንደ ኮርኒስ ይወጥሩ፤ ከቆርቆሮው ጋር አይጣበቅ፤ በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል ይተዉ፤ የዚያ ክፍተት ሁለት ጫፍም ለአየር ክፍት ይሁን። ሣር ከላይ መከመርም ጥሩ ይሠራል፤ እሳት እንዳይደርስበት ብቻ ይጠንቀቁ።

ከዚያ ግድግዳው። በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ቤት ነፋስ አይገባውም፤ መውጫ የለውማ። ከሽቦው ትይዩ ያለውን ቆርቆሮ የላይኛውን ግማሽ ይቁረጡና በሽቦ ይተኩት። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከጣራው ሥር ያለው ክፍተት ዋናው ነው። በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ የከሰዓት ፀሐይ እንዳያገኘው ጥላ ያድርጉለት። ክፍተቱን ሌሊት አይሸፍኑት፤ ቀን ያጠራቀሙትን ሙቀት የሚያወጡት በሌሊት ነው። አውሬ ካሰጋዎ ሽቦውን ያጠንክሩ እንጂ አየሩን አይዝጉ። ጉዝጓዙንም አሳስተው 5 ሴንቲሜትር ያህል ያድርጉት፤ ወፍራም ጉዝጓዝ ከሥር እየተብላላ ራሱ ይሞቃል።

ውኃ መርጨት ከፈለጉ ከውጭ ጣራው ላይ ወይም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ መሬት ላይ ያፍስሱ፤ ቆመውበት እግራቸው ይበርዳል። ጥልቀት የሌለው ሳፋ ውስጥ ትንሽ ውኃ ቢያደርጉም ገብተው ይቆሙበታል። ማራገቢያ የሚጠቅመው አየሩ ከዶሮዋ ሰውነት እስከቀዘቀዘ ድረስ ነው፤ 41 ዲግሪን ያለፈ አየር ቢነፋባት ይብሱን ያሞቃታል።

ከቀትር እስከ ምሽት ግን ዓይንዎ አይለያቸው። በተለይ የወፈሩትን፣ በብዛት የሚጥሉትንና የታቀፈችውን ይከታተሉ፤ የታቀፈች ዶሮ ከእንቁላሏ ላለመነሣት ስትል ትሞታለች፤ አንሥተው ውኃ ያጠጧት። ማለክለኳን ትታ ዓይኗን የጨፈነች፣ የተንገዳገደች ወይም የተዘረረች ካዩ ጊዜ የለዎትም። ወደ ጥላ ወስደው ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ውስጥ እስከ አንገቷ ይንከሯት፤ የበረዶ ውኃ አይሁን፤ ድንጋጤው ራሱ ይጎዳታል። ጭንቅላቷን ከውኃው በላይ ይያዙ። ጉሮሮዋ ውስጥ ውኃ አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። በመንቁሯ ጠርዝ ጠብ ጠብ ያድርጉላትና ራሷ ትዋጠው። በራሷ ቆማ ውኃ እስክትጠጣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅሏት። በሙቀቱ ሰዓት ማባረር፣ መያዝ፣ መከተብ፣ ማጓጓዝ ክልክል ነው።

ቅርፊቱ የሳሳው ከዚሁ ከማለክለኩ የተነሣ ነው። በፍጥነት ስትተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ቅርፊት ለመሥራት የሚያስፈልጋትም ካልሲየም በደሟ ውስጥ እንደልብ አይገኝላትም። የምትበላውም ሲቀንስ ይባባሳል። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም የባሕር ዛጎል በተለየ ዕቃ፣ ከመኖው ሳይቀላቅሉ፣ ወደ ማታ ያቅርቡላቸው፤ ቅርፊቱ በብዛት የሚሠራው በሌሊት ስለሆነ የምትፈልገውን ያህል መርጣ ትበላለች። ሙቀቱ በረድ ብሎ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላም እንቁላሉ ካልተመለሰ የዶሮዎቹን ዕድሜና የሚበሉትን መኖ ዓይነት ጽፈው ይላኩልኝ፤ ያኔ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።