የቢሮው ወረቀት የማን ነው? ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው እትም ስለ መሬት ካሳ ከጻፍን በኋላ ከሰሜን ሸዋ ብዙ ደብዳቤና የቴሌግራም መልእክት ደርሶናል፣ አብዛኛው ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ ነው የሚወድቀው፤ ቢሮ ሄጄ ወረቀት ጠየቅኩ፣ ከለከሉኝ። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ ለዚሁ ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቹንም የቢሮዎቹንም ስም ትተናል።

*"አባቴ እድሜው ገፍቷል። መሬታችን ለኢንቨስትመንት ተብሎ ሲወሰድ የካሳው ብር ባንክ ገባለት፣ እንዴት እንደተሰላ ግን የነገረን የለም። የግምቱን ወረቀት ልየው ብዬ ስሄድ የኮሚቴው የውስጥ ሰነድ ነው ለግለሰብ አይሰጥም አሉኝ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ፋይሉን የያዘው ልጅ ስልጠና ሄዷል ተባልኩ። እውነት ሚስጥር ነው?" (ከደብረ ብርሃን ዙሪያ)*

እህቴ፣ ሚስጥር አይደለም። ስንት ጥማድ ተብሎ እንደተለካ፣ ገብሱና ባቄላው በኩንታል ስንት ተብሎ እንደተያዘ፣ ከጓሮ ያለው ባህር ዛፍ ተቆጥሮ እንደሁ ወይ ተዘሎ እንደሁ፣ ይሄ ሁሉ የአባትሽ ኑሮ ነው እኮ፣ እሱ ሳያየው ኮሚቴ ብቻ ተፈራርሞበት ሼልፍ ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

ህጉን በአጭሩ ልንገርሽ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው በመንግስት መስሪያ ቤት እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት አለው ይላል፣ በህጉ በግልፅ ተለይተው ከተከለከሉት በስተቀር። መረጃ ማግኘት ሲል ደግሞ ሰነዱን ማየትም፣ ማስታወሻ መያዝም፣ ቅጂ መውሰድም ነው። የፌደራል ብቻ ሳይሆን የክልል መስሪያ ቤቶችንም ይመለከታል፣ ስለዚህ "እኛ ወረዳ ነን አይመለከተንም" ቢሉሽ እንዳትመለሺ። አንዳንድ ሰራተኛ ደግሞ "እሱ አዋጅ ተሽሯል" ይላል፣ ይሄን ብዙ ሰው ስለጻፈልን ግልፅ እናድርገው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238 የተካው የሚዲያውን ክፍል ነው፣ መረጃ ስለማግኘት የሚናገረው ክፍል እንዳለ ነው።

አሁን ወደ ስራው። በቃል መጠየቅ አቁሚ። በቃል ስትጠይቂ በቃል ነው የሚመልሱሽ፣ ከዛ ነገ ማንም አልመጣችም ቢል ምን ታሳያለሽ? ማመልከቻው አንድ ገፅ አይሞላም፤ ለመስሪያ ቤቱ ብለሽ፣ "ጉዳዩ፦ የካሳ ግምት ሰነድ ቅጂ ስለመጠየቅ" ብለሽ፣ ከስር የአባትሽን ስም፣ የይዞታ ደብተሩን ቁጥር፣ ቀበሌውንና ጎጡን ጽፈሽ፣ የምትፈልጊውን ለይተሽ ጥሪ፦ የልኬቱ ወረቀት፣ የሰብልና የዛፍ ቆጠራው፣ የተጠቀሙበት የዋጋ ዝርዝር፣ ኮሚቴው የፈረመበት ቃለ ጉባኤ። "ስለ ካሳው መረጃ ይሰጠኝ" ብቻ ካልሽ የከፈሉትን ድምር ጽፈው ይሰጡሽና አለቀ ይሉሻል። በሁለት ቅጂ አድርጊው፣ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብተሽ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመቺበት። "አስቀምጪው እንደውልልሻለን" ቢሉ እሺ ብለሽ አትውጪ፣ ቁጥሩን ይዘሽ ውጪ። በሞባይልም ፎቶ አንሺው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ፣ ሰነዱ የአባትሽ እንጂ የአንቺ ስላልሆነ የሶስተኛ ወገን የግል መረጃ ነው ብለው በር ሊዘጉብሽ ይችላሉ፣ ያ ሰበብ እንዳይኖራቸው ወይ አባትሽ ራሳቸው ይፈርሙበት ወይ ውክልና ይስጡሽ።

መስሪያ ቤቱ ቶሎ እንዲመልስ ነው የሚጠበቀው፣ ቢዘገይ ግን ህጉ 30 ቀን ነው የሰጠው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። የካሳ አዋጁ ማለትም 1161/2011 ደግሞ በካሳው ቅር የተሰኘ ሰው የመሬት ማስለቀቂያ ትእዛዙ ከደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል እንዲያመለክት ነው የሚለው። ሁለቱ 30 ቀኖች ጎን ለጎን ይሮጣሉ ማለት ነው፣ ሰነዱ ይምጣ ከዛ ቅሬታ አስገባለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሰነዱ ሲመጣ የቅሬታው ጊዜ አልፎበት ያገኘዋል። ስለዚህ ቅሬታውን አሁኑኑ አስገቢ፣ ውስጡም "የግምቱን ሰነድ በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር ጠይቄ አልተሰጠኝም" ብለሽ ጻፊ፣ አለመስጠታቸው ራሱ የቅሬታሽ አካል ይሁን። በነገራችን ላይ ይሄው አዋጅ ለዘለቄታው ለተወሰደ የገጠር መሬት መነሻ ያደረገው ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ማባዛትን ነው፣ በኋላ ማሻሻያ ስለወጣለት የቱን ቀመር እንደተጠቀሙም አብረሽ ጠይቂ። ያ ወረቀት እጅሽ ከገባ ሂሳቡን ቤት ቁጭ ብለሽ በስልክሽ ካልኩሌተር ማረጋገጥ ትችያለሽ። ለዛ ነው አጥብቀሽ ያዢው የምልሽ።

እምቢ ካሉሽ ወይ ዝም ካሉሽ ቀጥሎ የመስሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው፣ እሱም ጋ በጽሁፍ። ከዛ የኢትዮጵያ ህዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዛ ፍርድ ቤት። ረጅም መንገድ ነው፣ አልዋሽሽም፣ በተለይ አሁን መንገዱም ሁሌ በማይከፈትበት ጊዜ። ግን የገቢ ማህተም ያለበት ወረቀት የያዘ ሰውን ቢሮው ራሱ በሌላ አይን ነው የሚያየው፣ ብዙ ጉዳይ እዛው ኃላፊው ጋ ያልቃል።

*"በሴፍቲኔት ነበርን፣ ዘንድሮ ስማችን የለም ተባልን። ማን ገባ ማን ወጣ ዝርዝሩን አሳዩን ስንል የሰው ስም ማሳየት ክልክል ነው አሉን። እኛ የምናውቀው ግን በሬ ያለው ሰው ገብቶ መበለቷ መውጣቷን ነው።" (ከመንዝ፣ ሶስት ሆነው የጻፉ)*

እናቶቼ፣ የናንተ ደብዳቤ አንጀቴን ነው የበላው። ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰራ አሰራሩ የተቀመጠው በአደባባይ እንዲሆን ነው፤ የተጠቃሚዎች ስም በህዝብ ስብሰባ እንዲቀርብና ሰው በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ፣ ቅር ያለው ደግሞ ቀበሌው ላይ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት። ምክንያቱም ማን በሬ እንዳለው፣ ማን እህል እንዳለቀበት ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ የለም። ዝርዝሩ ከተደበቀ ያ ሁሉ እውቀት ባዶ ይቀራል፣ የሚወስኑት ሁለት ሶስት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ።

የግል መረጃ የሚለው ክልከላ እውነት ነው አለ፣ ጥሩም ነው፣ ማንም የማንንም የሀኪም ካርድ እንዳያይ። ግን የመንግስት እርዳታ ለማን እንደተሰጠ ለመደበቅ የተጻፈ አይደለም። እና ስትሄዱ እንዲህ በሉ፦ የዘንድሮው ዝርዝር መቼ የት ተለጠፈ? የምልመላ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ የታለ? እኛ የወጣንበት ምክንያት ምን ተብሎ ተጻፈ? ሶስታችሁም በአንድ ማመልከቻ ፈርሙ፣ የማይጽፍ ካለ ሰፈር ውስጥ ተማሪ አይጠፋም ይጻፍላችሁ፣ በጣት አሻራም ይሁን። ብቻችሁን ተራ በተራ አትሂዱ።

አንድ ታሪክ ልጨምርላችሁ። ህንድ ውስጥ ራጃስታን በሚባል ደረቅ አገር፣ በእርዳታ ስራ መንገድና ኩሬ የሚቆፍሩ ድሆች ነበሩ፣ ልክ እናንተ እርከን እንደምትሰሩት። ደሞዛቸው ሲጎድል ቢሮው "መዝገቡ ላይ የሰራችሁት ይሄን ብቻ ነው" ይላቸዋል፣ መዝገቡን አሳዩን ሲሉ ሚስጥር ነው ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተደራጅተው መዝገቡን በየቦታው እያስወጡ ሜዳ ላይ ህዝብ ሰብስበው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። የሞተ ሰው ስም እንደ ሰራተኛ ተጽፎ ብር ወጥቶበታል፣ ያልተሰራ ግንባታ ተሰርቷል ተብሎ ተከፍሎበታል፣ ህዝቡ እዛው ቁጭ ብሎ "ይሄ ሰው እኮ ከሞተ ቆየ" እያለ አጋለጠው። ከዛ እንቅስቃሴ ነው እያደገ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የህንድ የመረጃ መብት ህግ የወጣው። ከጀርባው የቆሙት በአብዛኛው የቀን ሰራተኞችና ገበሬዎች ናቸው፣ ብዙዎቹም ማንበብ የማይችሉ።

*"ሰው ውሃና ዳቦ በቸገረው አገር መረጃ ሰብአዊ መብት ነው ማለት ቅንጦት አይመስላችሁም? የፈረንጅ ነገር አይደል?" (ከሸዋ ሮቢት)*

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አከብረዋለሁ ግን አልስማማም። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን አጣዬን አልፈህ ስትሄድ የምትገባው ወሎ ነው። በ1965 እና 66 እዛ የነበረውን ረሃብ ከአያቶችህ ጠይቅ። ዝናብ ጠፍቶ ነበር፣ ያ እውነት ነው፣ ግን ሰው በመንገድ ዳር እየረገፈ መንግስት ወሬው እንዳይወጣ አፍኖት ነበር፣ ዓለምም አብዛኛው ኢትዮጵያዊም በደንብ ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ፊልሙን ካሳየ በኋላ ነው። እርዳታው ዘግይቶ የደረሰው ወሬው ዘግይቶ ስለወጣ ነው። ያን ጊዜ መረጃ ቅንጦት አልነበረም፣ እህል ማለት ነበር።

ከየት መጣ ላልከው፣ የተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤ ገና በመጀመሪያ ስብሰባው እ.ኤ.አ. በ1946 የመረጃ ነፃነት መሰረታዊ ሰብአዊ መብት ነው ብሎ ወስኗል፣ በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀፅ 19 ላይ አለ፣ የአፍሪካ የሰብአዊና የህዝቦች መብቶች ቻርተርም አንቀፅ 9 ላይ እያንዳንዱ ሰው መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። የኛም ህገ መንግስት አንቀፅ 29 ላይ መረጃ የመሻትና የመቀበል ነፃነትን አስቀምጧል፣ አንቀፅ 12 ደግሞ የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልፅ ይሁን ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ቺሊ ውስጥ አንድ የውጭ ኩባንያ ደን ሊቆርጥ ሲመጣ ስለ ኢንቨስተሩ መረጃ ጠይቀው የተከለከሉ ሰዎች የአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው አሸንፈዋል፣ ጉዳዩ ክላውድ ሬየስ ይባላል። ከደብረ ብርሃኗ እህታችን ጥያቄ ጋ ምን ያህል እንደሚቀራረብ አየኸው?

ውሃ ያልከውን ደግሞ እንዲህ አድርገህ ሞክረው፦ የሰፈራችሁ ፓምፕ ለጥገና ስንት በጀት ተያዘለት፣ ጨረታውን ማን አሸነፈ፣ መቼ ነበር የሚያስረክበው? እነዚህን ሶስት ጥያቄዎች በጽሁፍ አስገባ።

*"እኔ በተቃራኒው ነኝ፣ ወረዳ ላይ ኮሙኒኬሽን ነው የምሰራው። ሰው ሰነድ ሲጠይቀኝ አለቃዬ ሳይፈቅድ ብሰጥ ነገ ምን ይመጣብኛል ብዬ እፈራለሁ፣ አልሰጥም ስል ደግሞ ሰዉ ፊት አፍራለሁ።" (ከዓለም ከተማ)*

አንተ ስለጻፍክልን በጣም ነው ደስ ያለን፣ ብዙ ሰራተኛ ባንተ ቦታ ላይ እንዳለ እናውቃለን፣ ሁሉም ከክፋት አይደለም የሚከለክለው። ፍርሃቱን የሚያቀለው ህጉን መያዝ ነው። ክልከላዎቹ የታወቁ ናቸው፤ የሌላ ሰው የግል መረጃ፣ የነጋዴ የንግድ ሚስጥር፣ ምርመራ ላይ ያለ የወንጀል ጉዳይ፣ የመከላከያና የፀጥታ ጉዳይ፣ ሌሎችም ጥቂት አሉ። የቀረበልህ ጥያቄ ከነዚህ አንዱ ውስጥ ካልወደቀ መስጠት ነው ስራህ። ግማሹ የሚከለከል ከሆነ እሱን ሸፍነህ ሌላውን ፎቶኮፒ አድርገህ ስጥ፣ በአንድ ስልክ ቁጥር ምክንያት አስር ገፅ አይቀበርም።

ጥያቄ ሲመጣልህ ሁልጊዜ መዝግበው፣ ለአለቃህም በማስታወሻ ምራው፣ "ይህ ጥያቄ በአዋጅ 590 መሰረት በዚህ ቀን ቀርቧል፣ እስከዚህ ቀን መልስ ይጠበቃል" ብለህ። አለቃህ አይሰጥም ካለ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርምበት፣ ያንን ወረቀት ለጠያቂው ስጠው፣ እሱም ይግባኝ የሚልበት ነገር ያገኛል አንተም ከመሃል ትወጣለህ። ሌላው ደግሞ ህጉ ሰው እስኪጠይቅ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ አውጡ ነው የሚለው። የወረዳውን በጀት፣ የአገልግሎት ክፍያውን፣ የጨረታ ውጤቱን፣ ቅሬታ የሚቀበለውን ሰው ስምና የቢሮ ቁጥር በር ላይ ካለው ሰሌዳ ለጥፋቸው፣ በቴሌግራም ቻናላችሁም ልቀቁት። በተለይ በገበያ ቀን፣ ሰው ከየቀበሌው ስለሚመጣ ሰሌዳው በሚታይበት በኩል ቢሆን ጥሩ ነው።