ያልጠበቃችሁት የዲኤንኤ ውጤት ሲመጣ፦ ከጅማ ለተነሡ ጥያቄዎች መልስ

ጅማ ላይ የዲኤንኤ መመርመሪያ ኪት የሚደርሰን ባብዛኛው በዘመድ ነው። አሜሪካ ያለች እህት ገዝታ በሰው ትልካለች። ወይም እናት ልጇን ልትጠይቅ ትሄድና እዚያው ምራቋን ትሰጣለች። ከሳምንታት በኋላ ስልክ ላይ የሚመጣው መቶኛ ግን ቤቱን ያወዛግባል። ሥነ ሕይወት ስለማስተምር ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። የደረሱኝን እነሆ፣ ስም ሳልጠቅስ።

«መምህር፣ አባቴ ኦሮሞ ነው፣ እናቴ አማራ ናት። ውጤቴ "ኢትዮጵያና ኤርትራ" ብሎ ዝም አለ። ኦሮሞነቴ የት ገባ?»

የትም አልገባም ወንድሜ፣ አለ። ኩባንያው ብሔርህን አያይም። የሚያየው፣ ዲኤንኤህ ለማመሳከሪያ ከሰበሰባቸው ሰዎች የትኞቹን እንደሚመስል ነው። ከኛ አገር የተሰበሰበው ናሙና ደግሞ ከአውሮፓው ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። በዚያ ላይ አማራና ኦሮሞ በዘረመል እጅግ ይቀራረባሉ። ስንት ዘመን የተጋባና የተዋለደ ሕዝብ ነው፤ ለኮምፒውተር መስመር ማስመር ቢያስቸግረው አይገርምም።

«8 በመቶ የመን፣ 3 በመቶ ግብፅ አለኝ። በዘራችን ዓረብ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አያቴ የደበቀችን ነገር አለ?»

አያትሽን አትጠርጥሪ። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

በጋሞ ደጋ ሞታ በሚባል ዋሻ የ4,500 ዓመት የሰው አጽም ተገኝቷል። ሙሉ ዲኤንኤው ተነቦ እ.አ.አ. በ2015 ይፋ ሆነ። በዚያ ሰው ውስጥ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ዘር አልተገኘበትም። ዛሬ በቅርበት የሚመስሉት የአሪ ሰዎች ናቸው። በሌሎቻችን ግን የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎችን የሚመስል ድርሻ አለ። በአማራና በኦሮሞ 40 በመቶና ከዚያ በላይ እንደሚደርስ ተገምቷል። መቀላቀሉም የዛሬ 3,000 ዓመት አካባቢ የሆነ ነው።

አሁን ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያደርግ እዪ። ዲኤንኤሽን በትንንሹ ይቆራርጠዋል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ «ይህ ማንን ይመስላል?» ይላል። አብዛኛውን «ኢትዮጵያ» ይለዋል። ከዚያ ጥንታዊ ድርሻ የሆነ አንድ ቁራጭ ግን ከየመናዊው ናሙና ጋር ትንሽ ይበልጥ ሲመሳሰል፣ «የመን» ብሎ ይመዘግበዋል። ስለዚህ ያ 8 በመቶ የመናዊ ቅድመ አያት አለሽ ማለት ላይሆን ይችላል። የሁላችንም የጥንት ታሪክ በዛሬ አገር ስም ተጠርቶ ነው። በእርግጥ ጅማ የነጋዴ ከተማ ናት፤ የየመን ሰዎችም ሱቅ ከፍተው ኖረውባታል። የቅርብ የመናዊ አያት ቢኖርሽ ግን፣ ኩባንያው በዲኤንኤ ይዛመዱሻል ብሎ በሚያሳይሽ የሰዎች ዝርዝር ላይ የተመረመሩ የመናውያን ሊወጡልሽ ይችላሉ። እሱን ገልጠሽ እዪ።

«ሰፈራችን ፈረንጅ አራዳ ነው። ታናሽ ወንድሜ 4 በመቶ ጣሊያን አለው፣ እኔ ዜሮ። እሱ ከጣሊያን ነው?»

የአንድ እናትና አባት ልጆች ከሆናችሁ ከየት ሊያመጣው! እያንዳንዳችሁ ከአባት ግማሽ፣ ከእናት ግማሽ ወስዳችኋል። ግን ያው ግማሽ አይደለም፤ ካርታ ተበውዞ ሁለት ጊዜ ሲታደል ለሁለት ሰው አንድ ዓይነት እጅ አይደርስም። ስለዚህ የወንድማማቾች መቶኛ መለያየቱ ጤናማ ነው።

ጣሊያን የነበረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። የቅድመ አያት ድርሻ በአማካይ 12.5 በመቶ፣ ከእሱ በላይ ያለው 6.25 ነው። ይህን ያህል ድርሻ በእውነት ቢኖር፣ አንተ ጋ ሙሉ በሙሉ ዜሮ መሆኑ አጠራጣሪ ነው። ያ 4 በመቶ የግምት ስሕተት ይመስለኛል። ኩባንያው ስሌቱን ሲያድስ ሊጠፋም ይችላል። በየጊዜው ያድሳሉና ሰው ሲለዋወጥበት አይደንግጥ።

«የእናቴ አያት በልጅነቷ ከከፋ ወይም ከዳውሮ ተወስዳ ሂርማታ ገበያ እንደተሸጠች በሹክሹክታ ይነገራል። ከየት እንደሆነች ምርመራው ይነግረኛል?»

ይህን ስለጻፍሽልኝ አከብርሻለሁ። ሂርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ ምዕራቡ ትልልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። በየቤቱ የታፈነ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። በደሉ የሸጧት ነው እንጂ የእሷ አይደለም። ማፈርም አይገባም።

የእናትሽ እናት እናት ከሆነች አንድ ዕድል አለሽ። ከእናት ብቻ የሚወረስ፣ በትውልድ ብዙም የማይለወጥ የዲኤንኤ ክፍል አለ። አንዳንድ ኩባንያዎች ያንን ያነቡታል። አንቺ የተሸከምሽው የእሷን ነው። ነገር ግን ያው ዓይነት በከፋም፣ በዳውሮም፣ በየምም፣ በኦሮሞም ሊገኝ ስለሚችል መንደር አይጠቁምም። መንደሩን ሊያመጣ የሚችለው የተመረመረ ዘመድ ነው፤ ከዚያ አካባቢ የተመረመረ ሰው ደግሞ ገና ጥቂት ነው። እስከዚያው እሷ ታስታውሰው የነበረውን ዘፈን፣ ታበስለው የነበረውን ምግብ፣ ስሟ ከመቀየሩ በፊት የነበረው መጠሪያ የሚያውቅ ሰው ካለ ዛሬውኑ ጠይቂ።

«አባቴ በጉዲፈቻ ያደገ መሆኑን ያወቅነው በምርመራው ነው። የምንቆጥረው ጎሣ ውሸት ሆነ?»

አልሆነም። በኦሮሞ ሥርዓት የጉዲፈቻ ልጅ ልጅ ነው፤ ይወርሳል፣ የአሳዳጊውን አባት ስም ይጠራል። ሞጋሳ ደግሞ ሙሉ ቡድን ወደ ጎሣ ያስገባ ነበር። የጎሣው ሕግ ራሱ እንዲህ ካለ ምራቅ አይሽረውም። የአባትህን ወላጆች መፈለግ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መብቱም ነው። ግን እሱ ከፈለገ።

«እኅቴ "ግማሽ እኅት" ተብላ ወጣች። ይህም ግምት ነው?»

በዚህኛው ጠንቀቅ በሉ። የዝምድናው ስሌት ከአገር መቶኛው እጅግ የታመነ ነው። የጋራ ዲኤንኤ በሴንቲሞርጋን ይለካል። የአንድ እናትና አባት ልጆች 2,600 ገደማ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ 1,750 ገደማ ይጋራሉ። አክስትና አያትም ከ1,750ው አጠገብ ስለሚወድቁ ቁጥሩን ራሱን ተመልከቱ። ናሙናም ሊቀያየር ይችላል፤ ድጋሚ አስመርምሩ። ከዚያ በፊት በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉት። እናት በልጆቿ ፊት እንድትጠየቅ አታድርጉ፤ ብቻዋን፣ በእርጋታ፣ ከፈለገች ትናገር።

«መረጃዬ አደጋ አለው?»

አለው። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ (23andMe) የተባለው የዲኤንኤ መርማሪ ኩባንያ ደንበኞች መረጃ እ.አ.አ. በ2023 በጠላፊዎች እጅ ወድቆ 6.9 ሚሊዮን ያህል ሰው ነካ። በ2025 ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ውጤታችሁን አውርዳችሁ አካውንቱንና ናሙናውን ማስጠፋት ይቻላል። ያንተ ዲኤንኤ የወንድምህም መሆኑን አስብ፤ ሳትልክ ንገረው።

«ያለን አንድ ኪት ነው። ለማን እንስጠው?»

በቤቱ በዕድሜ ለሚበልጠው፣ ፈቃደኛ ከሆነ። አያትህ ካሉ አያትህ፣ ከሌሉ እናትህ። አንተ የእናትህን ግማሽ ብቻ ነው የያዝከው፤ እሷ ሁሉንም ይዛለች። ምራቁ ከመሰጠቱ በፊት ለ30 ደቂቃ አይበላም፣ አይጠጣም፣ ቡናም ቢሆን።